የሕግ ጥያቄና መልስ፦ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ያልተነቃነቀው አንድ ሺህ ብር

በቅርቡ ለዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከአያትና ከለገጣፎ የተጻፉ ናቸው። በአንድም በሌላም መንገድ የሚጠይቁት፣ በሰው አካል ላይ ጉዳት ሲደርስ ካሳውን ማን፣ ምን ያህልና እንዴት እንደሚከፍል ነው። በእነዚህ ሠፈሮች የሚኖር ሰው ጥያቄው ከየት እንደመጣ አይጠፋውም፤ አሸዋና ጠጠር የጫኑ ገልባጭ መኪኖች ቀንና ሌሊት ይመላለሳሉ፣ ሕንፃዎቹ ገና በመሠራት ላይ ናቸው፣ እግረኛውም አስፋልቱን የሚያቋርጠው እንደ ዕድሉ ነው። ከደብዳቤዎቹ አምስቱን መርጬ አሳጥሬአቸዋለሁ፤ የጠያቂዎቹን ስም አላወጣሁም።

ጥያቄ፦ በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች እኖራለሁ። ታናሽ ወንድሜ በቀን ሥራ እየተዳደረ እናታችንን ይጦር ነበር። ከስምንት ወር በፊት አመሻሽ ላይ ከሥራ ሲመለስ ሲኖትራክ ገጭቶት በሦስተኛው ቀን ሕይወቱ አለፈ። የመኪናው መድን ድርጅት «ሕጉ የሚፈቅደውን ጣሪያ እንከፍላለን፤ ከዚያ በላይ የሚጠየቅ የለም» ብሎናል። የሾፌሩ ዘመዶችም ሽማግሌ ልከው፣ ጥቂት ገንዘብ ጨምረው «ከእንግዲህ አንካሰስም» የሚል ወረቀት እንድንፈርም እየለመኑን ነው። እናቴ ገንዘቡን መንካት አልፈለገችም። እኔ ታላቅ እህቱ መክሰስ እችላለሁ? በእርግጥስ ከዚህ በላይ የለም?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናናችሁ። መድን ድርጅቱ የነገራችሁ ስለ ራሱ ግዴታ ከሆነ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ስለ እናንተ መብት ከሆነ ግን ስህተት ነው። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 እያንዳንዱ ባለንብረት የግድ እንዲገዛ ያዘዘው ዝቅተኛውን ሽፋን ነው። አዋጁ ሲወጣ ይህ ሽፋን ለአንድ ሰው ሞት ከ5,000 ብር ያላነሰና ከ40,000 ብር ያልበለጠ ነበር። መጠኑ ሊሻሻል የሚችል ስለሆነ፣ አደጋው በደረሰበት ቀን ጸንቶ የነበረው የትኛው ጣሪያ እንደሆነ መድን ድርጅቱን በጽሑፍ ጠይቁትና መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ያም ሆነ ይህ፣ ጣሪያው የሚገድበው መድን ድርጅቱን እንጂ የመኪናውን ባለንብረት አይደለም።

ባለንብረቱን የሚመለከተው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 ነው። በዚህ ድንጋጌ መሠረት የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ የሚሆነው፣ መሪውን የያዘው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ እርሱ ራሱ አንዳች ጥፋት ባይፈጽምም ነው። ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካላስረዳ በቀር «ሾፌሩን ጠይቁ» ብሎ አያመልጥም። ስለዚህ ከመድን ድርጅቱ የምትቀበሉት ከጠቅላላው ካሳ ላይ የሚቀነስ ክፍያ ነው፤ ቀሪውን ባለንብረቱ ይከፍላል። ሳታስተውሉ «ሙሉ ካሳዬን ተቀብያለሁ» የሚል ደረሰኝ እንዳትፈርሙ ግን አደራ እላለሁ።

እርስዎ መክሰስ ይችሉ እንደሆነ ለጠየቁት፣ መልሱ የሚያስደስት አይደለም። ሰው በአደጋ ሲሞት የተቋረጠውን መጦሪያ በራሳቸው ስም መጠየቅ የሚችሉት በቁጥር 2095 የተዘረዘሩት የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ተወላጆች ናቸው፤ እህትና ወንድም፣ ሟቹ ይረዳቸው የነበሩ ቢሆኑም፣ ከዝርዝሩ ውጭ ናቸው። ከሳሽ የሚሆኑት እናትዎ ናቸው፤ እርስዎ በውክልና ሊከታተሉላቸው ይችላሉ። ክሱ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ (የክስ ጊዜ ገደብ) ያለው ወንጀል ሲሆን ያ ይርጋ ለካሳው ክስም ያገለግላል፤ ቢሆንም በዚህ ተስፋ አድርጎ መቆየትን አልመክርም። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ካልቻሉ በደሃ ደንብ እንዲከሱ ፍርድ ቤቱን ይጠይቁ።

የቀን ሠራተኛ ገቢ በደመወዝ መዝገብ ስለማይገኝ፣ አብዛኛው ክስ የሚዳከመው እዚህ ላይ ነው። የሠራበትን ቦታ ካቦ፣ አብረውት የሠሩትን፣ ለእናቱ በቴሌብር የላከበትን ዝርዝር ከአሁኑ ሰብስቡ። ጉዳቱን በትክክል ማስላት በማይቻልበት ጊዜ ዳኛው በቁጥር 2102 መሠረት በርትዕ፣ ማለትም ተገቢ ነው ባለው ግምት፣ ይወስናል፤ ነገር ግን ርትዕም የሚሠራው ማስረጃ ሲያገኝ ነው። ዕድሜያቸውና ሥራቸው ተመሳሳይ ለሆኑ ሁለት ሟቾች፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ የሚያስችሉ ሁለት ችሎቶች እጅግ የተራራቀ ካሳ ሲወስኑ አይቻለሁ። ዳኞቹን አልወቅስም፤ የሚመሩበት የጋራ ሠንጠረዥ የላቸውም።

አሁን ወደ እናትዎ ኀዘን ልምጣ። ሕጉ ይህን «የህሊና ጉዳት» ይለዋል። በቁጥር 2113 ላይ በሞትና በአካል ጉዳት ጊዜ ዳኛው ለተጎጂው ወይም ለቤተሰቡ ተገቢ ካሳ ሊሰጥ እንደሚችል ይደነግግና፣ ቁጥር 2116 ላይ ሲደርስ ይህ ካሳ በማናቸውም ሁኔታ ከአንድ ሺህ ብር ሊበልጥ አይችልም ይላል። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ ሕጉ የወጣውም በ1952 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን አንድ ሺህ ብር ወደ 400 የአሜሪካ ዶላር ይመነዘር ስለነበር ለብዙ ቤተሰብ ትርጉም ያለው ገንዘብ ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ግን አሥር ዶላር እንኳን አይሞላም። ልጇን በመኪና አደጋ ያጣች አንዲት ደንበኛዬ የፍርዱን ግልባጭ ካነበብኩላት በኋላ «ይህን አንድ ሺህ ብር ለምን ጻፉት? ዝም ቢሉ አይሻልም ነበር?» ብላኛለች። የምመልስላት አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። የካሳ ሕጋችን ይሻሻል ስል በመጀመሪያ የምጠቅሰው ይህን አንድ ንዑስ ቁጥር ነው፤ ለመለወጥም ጥቂት መስመር ያለው አዋጅ ይበቃል።

ስለ ሽምግልናው፦ ዕርቁን አልቃወምም። በእነዚህ ሠፈሮች ደም ሲፈስ ሽማግሌ ገብቶ ቤተሰብ ከቤተሰብ ማስታረቁ፣ በኦሮሞ ወግም ጉማ (የደም ካሳ) መክፈሉ፣ ፍርድ ቤት የማይሰጠውን ሰላም ይሰጣል። ነገር ግን በሕጉ መሠረት ተዋዋዮች ክርክራቸውን በስምምነት ሲጨርሱ፣ ስምምነቱ ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ዕርቁ ከሾፌሩና ከቤተሰቡ ጋር ብቻ የተደረገ መሆኑ፣ ከባለንብረቱና ከመድን ድርጅቱ ላይ ያላችሁን መብት እንደማይነካ በግልጽ ይጻፍ። ሽማግሌዎቹ ይህን ከነገራችኋቸው አይከፉም፤ ካልነገራችኋቸው ግን አይጽፉትም።

ጥያቄ፦ ኮዬ ፈጬ ውስጥ በሕንፃ ሥራ በቀን 400 ብር እየተከፈለኝ ለአንድ ዓመት ያህል ሠርቻለሁ። ከመወጣጫው እንጨት ላይ ወድቄ ወገቤ ተጎድቷል። ኮንትራክተሩ «ውል የለህም፣ ደግሞም የወደቅከው በራስህ ጥፋት ነው» ብሎ አባሮኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሁለቱም ምክንያቶች አያዋጡትም። የሥራ ውል በቃልም ይመሠረታል፤ በምስክር ይረጋገጣል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ደግሞ ሠራተኛው በሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው፤ ነፃ የሚወጣው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን እንደጎዳ በሚቆጠርባቸው፣ ለምሳሌ ሰክሮ በሥራ ላይ በተገኘባቸው፣ ጥቂት ሁኔታዎች ነው። ሕክምናዎን መሸፈን አለበት። ሥራ ለመሥራት ባልቻሉባቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝዎን፣ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ከሦስት አራተኛ ያላነሰውን፣ በቀጣዮቹ ስድስት ወራት ደግሞ ከግማሽ ያላነሰውን ይከፍላል።

ጉዳቱ ዘላቂ ከሆነ የሕክምና ቦርድ በመቶኛ ይተምነዋል። ሙሉ በሙሉ ከሥራ ለሚያወጣ ጉዳት የአምስት ዓመት ደመወዝ ስለሚከፈል፣ በቀን 400 ብር በወር 26 ቀን ይሠሩ ከነበረ የዓመቱ 124,800፣ የአምስቱ ዓመት 624,000 ብር ይሆናል፤ ቦርዱ 30 በመቶ ቢልዎ ድርሻዎ 187,200 ብር ነው ማለት ነው። ይህን ሒሳብ በዝርዝር ያሳየሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የሥራ ላይ ጉዳት ሕጋችን ምን ያህል እንደሚከፈል አስቀድሞ ስለሚናገር ተጎጂውም አሠሪውም ሳይካሰሱ መስማማት ይችላሉ፤ መጠኑም ከደመወዙ ጋር አብሮ ያድጋል። በመንገድ ላይ የሚጎዳው ሰው ይህ ዕድል የለውም። የተጎዱት ከመወጣጫው ላይ ወድቀው ሳይሆን ወደ ሥራ ሲሄዱ በሌላ ሰው መኪና ተገጭተው ቢሆን ኖሮ፣ ያው ወገብ በሌላ ሒሳብ በተተመነ ነበር።

ቢሮክራሲው እንዳያዘገይዎ ቶሎ ይንቀሳቀሱ፤ እንዲህ ያለ የሠራተኛ ክስ በአንድ ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ዳኝነት አይከፈልበትም፤ የሥራ ክርክር ችሎትም በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን አዋጁ ያዛል። ችሎቱ ሁልጊዜ በቀኑ ይደርሳል ብዬ ቃል አልገባልዎትም።

ጥያቄ፦ እህቴ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ትኖራለች። አንድ መደብር ውስጥ እርጥብ ወለል ላይ ተንሸራትታ እጇ ተሰብሮ፣ ጠበቃዋ አስቀድሞ ምንም ሳያስከፍላት ብዙ ገንዘብ አግኝታለች። እኔ ደግሞ አያት ውስጥ በብሎካችን በር ላይ ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ ገብቼ እግሬ ሲሰበር «እያየህ አትሄድም ወይ?» ነው የተባልኩት። ለምን የእኛ ሕግ እንደ አሜሪካ አይሆንም?

መልስ፦ በእርስዎ ጉዳይ ልጀምር። ጉድጓዱን የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ማን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ የነዋሪዎች ማኅበሩ፣ ሥራውን ያላጠናቀቀው ተቋራጭ ወይም የመሠረተ ልማቱ ባለቤት ሊሆን ይችላል። ከዚያም በቁጥር 2028 መሠረት ጥፋቱን ማስረዳት የእርስዎ ድርሻ ነው። ጉድጓዱ ሳይከደን ፎቶ ያንሡት፤ ክዳኑ ከጠፋ ስንት ጊዜ እንደሆነ የሚያውቁ ጎረቤቶችዎንም ስማቸውን ይያዙ።

«እያየህ አትሄድም ወይ?» ለሚሉዎት ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር ልንገርዎ። በቨርጂኒያ ሕግ ተጎጂው ለራሱ ጉዳት በጥቂቱም ቢሆን ጥፋት ካለበት ምንም ካሳ አያገኝም፤ ይህን ጥብቅ ደንብ ይዘው ከቆዩት ጥቂት የአሜሪካ ግዛቶች አንዷ ናት። የእኛ ቁጥር 2098 ግን የተጎጂው ጥፋት ካሳውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። እህትዎ የተጠቀሙት በሕጉ ቸርነት አይደለም። በዚያ አገር ጠበቆች ብዙውን ጊዜ ከካሳው ሲሶ ያህሉን ለመውሰድ ተስማምተው በራሳቸው ወጪ ይሟገታሉ፤ መደብሮች በቂ መድን አላቸው፤ ሁሉም ወገን ከተራ ዜጎች የሚመረጠውን ፈራጅ ሸንጎ ስለሚፈራ ከፍርድ በፊት ይታረቃል።

አሜሪካኖቹ ራሳቸው በዚህ ሥርዓት ላይ ለአሥርት ዓመታት ተጨቃጭቀዋል፤ የእነርሱ የማሻሻያ ጥያቄ ግን ከእኛ በተቃራኒው፣ ካሳው ይቀነስ የሚል ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1992 በኒው ሜክሲኮ ግዛት ከማክዶናልድስ የገዙት ቡና ፈስሶ ያቃጠላቸው የ79 ዓመት አዛውንት ጉዳይ ነው። ሸንጎው በ1994 የወሰነው የ2.7 ሚሊዮን ዶላር መቀጫ መሳለቂያ ሆኖ ቀረ፤ ዳኛው ወደ 480,000 ዶላር እንደቀነሱት፣ አዛውንቷም በመጀመሪያ የጠየቁት 20,000 ዶላር እንደነበረ፣ ቃጠሎውም ቆዳ ንቅለ ተከላ የሚጠይቅ ከባድ ቃጠሎ እንደነበረ ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያስታውሰው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ የካሊፎርኒያ ግዛት በሐኪሞች ስህተት ለሚደርስ የህሊና ጉዳት የ250,000 ዶላር ጣሪያ አበጅታ ነበር። ጣሪያው ሳይነካ 47 ዓመት ከቆየ በኋላ በ2022 ተሻሽሎ በየዓመቱ ከፍ እንዲል ተደረገ። ካሳ ይገደብ ያሉትም እንኳ የቆመ ቁጥር ከጊዜ ጋር እንደሚሞት በመጨረሻ ተቀብለዋል ማለት ነው። በ1952 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1960) የተጻፈው የእኛ አንድ ሺህ ብር ከካሊፎርኒያው ጣሪያ በዕድሜ 15 ዓመት ይበልጣል።

እኔን ይበልጥ የሚያስቀናኝ የኒውዚላንድ መንገድ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በአደጋ የተጎዳ ሰው ጥፋተኛውን ፍለጋ ፍርድ ቤት አይሄድም፤ ከነዳጅ፣ ከተሽከርካሪ ምዝገባ፣ ከአሠሪዎችና ከሠራተኞች በሚሰበሰብ መዋጮ የሚተዳደር ተቋም ያሳክመዋል፣ ሥራ መሥራት ካልቻለም ከገቢው 80 በመቶውን በየሳምንቱ ይከፍለዋል። በምላሹ የአካል ጉዳት ካሳ ክስ ቀርቷል። ይህን እንዳለ ወደ እኛ አገር እናምጣው አልልም፤ አብዛኛው ሠራተኛ መዋጮ የሚቆረጥበት ደመወዝ በሌለው አገር መዝገቡ ራሱ ከየት ይጀመራል? ግን ፍሬው አለን። በሦስተኛ ወገን መድን አዋጁ የተቋቋመው የመድን ፈንድ፣ ገጭቶ ላመለጠና መድን ለሌለው መኪና ተጎጂ ይከፍላል። በማይታወቅ መኪና ለተገጨ ሰው ጥፋተኛ ሳይፈለግ መክፈል ከተቻለ፣ በሚታወቅ መኪና ለተገጨውም የመጀመሪያውን ክፍያ በዚያው ፍጥነት መስጠት የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ጥያቄ፦ አያት እኖራለሁ። የተገጨሁት ለገጣፎ ውስጥ ነው፤ የመኪናው ባለቤት ደግሞ ቦሌ ክፍለ ከተማ ነው የሚኖረው። የት ልክሰስ?

መልስ፦ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 27 መሠረት ጉዳቱ በደረሰበት ቦታ ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ መክሰስ ይችላሉ፤ ምርጫው የእርስዎ ነው። ለገጣፎ በኦሮሚያ ክልል ስለሚገኝ እዚያ ከከሰሱ ጉዳዩን የሚያየው የክልሉ ፍርድ ቤት ነው። አዲስ አበባ ከከሰሱ የትራፊክ ፖሊሱን ሪፖርትና ፕላን ከለገጣፎ አስቀድመው ማስመጣትዎን አይርሱ።

ጥያቄ፦ ያለችኝ አንዲት ሚኒባስ ናት፤ ገዝቼ የጨረስኩት በዕቁብና በብድር ነው። ሾፌሬ የቀለበት መንገድ አጥር ዘሎ የገባ እግረኛ ገጭቶ ሰውየው ሞተ። ሾፌሩ በወንጀል ተከሶ ነፃ ወጣ። አሁን የሟቹ ባለቤትና ልጆች እኔን 900,000 ብር ከሰውኛል። ጥፋት የለም ከተባለ በኋላ ቤቴን ልሽጥ ነው? እናንተ ዘወትር ካሳ ይጨመር ትላላችሁ፤ ለእኔ ዓይነቱ ማን ይጻፍለት?

መልስ፦ ወቀሳዎ ተገቢ ነው። በቅድሚያ ሕጉን ልንገርዎ። ቁጥር 2149 እንደሚለው የወንጀል ችሎት የሰጠው የነፃ መልቀቅ ፍርድ የካሳውን ችሎት አያስገድድም። የእርስዎ ኃላፊነት የሚመነጨው ከሾፌሩ ጥፋት ሳይሆን ከመኪናው ባለቤትነት ስለሆነ «ጥፋት የለብኝም» የሚለው መከራከሪያ ብቻውን አያድንዎትም። የሚያድንዎት ቁጥር 2086 ነው፤ ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ እንደሆነ ካስረዱ ኃላፊነትዎ ይቀራል ወይም ይቀንሳል። አጥር ዘሎ ቀለበት መንገድ የገባ እግረኛ ለዚህ ጠንካራ ጉዳይ ነው። በወንጀሉ መዝገብ ያለው የትራፊክ ፕላንና የምስክሮች ቃል የእርስዎ ዋና ማስረጃ ስለሚሆን፣ ግልባጩን ከመዝገብ ቤት ዛሬ ነገ ሳይሉ ያውጡ።

ባለቤትን ያለ ጥፋት ኃላፊ የሚያደርገው ድንጋጌ ይሻር የሚሉ የተሽከርካሪ ባለንብረቶች አጋጥመውኛል። በዚህ አልስማማም። ድንጋጌው ቢሻር የቱሉ ዲምቱዋ እናት ደመወዝ ብቻ ያለውን ሾፌር እየተከተሉ ይቀሩ ነበር፤ ከመኪናው የሚጠቀመውም ሌላ፣ ጉዳቱን የሚሸከመውም ሌላ ይሆን ነበር። ስህተቱ ያለው ሕጉ ይህን ከባድ ኃላፊነት ከጣለብዎ በኋላ ኃላፊነቱን የሚመጥን መድን እንዲገዙ አለማዘዙ ላይ ነው። ስቲከሩን መስታወቱ ላይ የለጠፈ ሰው «መድን አለኝ» ብሎ ያምናል፤ የአስገዳጁ መድን ጣሪያ ችሎት ከሚወስነው ካሳ በብዙ እንደሚያንስ የሚያውቀው መጥሪያው ሲደርሰው ነው። የሽፋኑ ጣሪያ ከፍ ብሎ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ከኑሮ ውድነቱ ጋር ቢስተካከል፣ የገቢ ማጣት ካሳም እንደ ሥራ ላይ ጉዳቱ በሠንጠረዥ ቢመራ፣ ሟች የሚከበርበትም እርስዎ ከቤትዎ የማይፈናቀሉበትም መንገድ ይገኝ ነበር። ዓረቦኑ ይጨምራል፤ ጭማሪው ታሪፍ ላይ ሊመጣ እንደሚችልም አልሸሽግም። ነገር ግን የሁሉም ሚኒባሶች ጥቂት ጥቂት ጭማሪ፣ አንዱ ባለንብረት ላይ ሳይታሰብ ከሚወድቀው 900,000 ብር ይልቅ የሚቻል ሸክም ነው።

ለአሁኑ ክስዎ ሁለት ነገር ይጨምሩ። መድን ድርጅትዎ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 43 መሠረት ወደ ክርክሩ እንዲገባ ከመከላከያ መልስዎ ጋር አብረው ይጠይቁ፤ የመድን ውሉንም ያያይዙ፤ ምናልባት ከአስገዳጁ በላይ ሽፋን ገዝተው ሊሆን ስለሚችል ውሉን ከነተቀጽላው ያንብቡት። በቁጥር 2095 የሚጠየቀው ካሳ የተቋረጠውን መጦሪያ የሚተካ ስለሆነም፣ ፍርድ ቤቱ ኃላፊ ካደረገዎ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየወሩ በቀለብ መልክ እንዲከፈል አማራጭ አድርገው ያመልክቱ። ከሳሾቹ ይህን ሊቃወሙና ዋስትና ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ለዚያም የመኪናዋን ሊብሬ ይዘው ይቅረቡ። ቀጠሮው ቀን ካልቀረቡ ክርክሩ በሌሉበት ይቀጥላል።